ስለ ስቶይኪዮሜትሪ አስተማማር፦ ሚዛኑ የሚመዝነውና እኩልታው የሚቆጥረው

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ የሚያስተምር ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። ተማሪው የንጥረ ነገሮችን ምልክት ሲያጠና፣ አሲድና ቤዝ የሊትመስን ወረቀት ምን እንደሚያደርጉት ሲመለከት፣ የማግኒዥየም ጥብጣብ እንደ መብረቅ ሲበራ ሲያይ ትምህርቱን ይወደዋል። ስቶይኪዮሜትሪ ከተባለው ምዕራፍ ሲደርስ ግን ክፍሉ ለሁለት ይከፈላል። ጥቂቶቹ ይሻገራሉ፤ ሌሎቹ ከዚያ ቀን ጀምረው «ይህ ትምህርት ለእኔ አልተፈጠረም» ብለው ይቀመጣሉ። ጉዳቱም በዚያ ምዕራፍ ብቻ የሚቀር አይደለም። የጋዞች ስሌት፣ የአሲድና የቤዝ ልክ፣ የኤሌክትሮሊሲስ ስሌት ሁሉ የሚሠራው በዚሁ መሠረት ላይ ስለሆነ፣ እዚህ ላይ የተደናቀፈ ተማሪ የቀሩትን ዓመታት በሽምደዳ ይገፋቸዋል።

ለዚህ ችግር ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ምክንያት የሂሳብ ድክመት ነው። ምክንያቱ ግን አያጠግብም። በምዕራፉ ውስጥ ያለው ሂሳብ ማባዛትና ማካፈል ብቻ ነው። ከእናቱ ተልኮ ገበያ የሚሄድ ልጅ ኪሎው 80 ብር የሆነ ሽንኩርት ኪሎ ተኩሉ 120 ብር እንደሚያወጣ ያለ ወረቀትና እርሳስ ያውቃል፤ ነጋዴው ቢያታልለውም ይሟገታል። ያ ልጅ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ሲቆም የሚጠፋበት ሂሳቡ ሳይሆን የሚሰላው ነገር ምንነት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሚዛን የሚናገረው በክብደት ነው፤ የኬሚካዊ ለውጥ እኩልታ ግን የሚናገረው በቁጥር ነው። ተማሪው ሁለቱ የተለያዩ ቋንቋዎች መሆናቸው ሳይነገረው አንዱን በሌላው እንዲያነብ ይገደዳል። ሞል የሚባለውም መለኪያ በሁለቱ መካከል የሚቆም አስተርጓሚ ሆኖ ሳለ፣ ለተማሪው የሚቀርብለት ግን እንደ ሦስተኛ እንግዳ ቋንቋ ነው።

ይህን ለመረዳት አንድ ቀላል ጥያቄ ለክፍል መስጠት ይበቃል። ውሃ ሲሠራ፣ እኩልታው ሁለት ሞለኪውል ሃይድሮጅንና አንድ ሞለኪውል ኦክስጅን ሁለት ሞለኪውል ውሃ ይሰጣሉ ይላል። «እንግዲያስ 2 ግራም ሃይድሮጅን ስንት ግራም ኦክስጅን ይፈልጋል?» ተብሎ ሲጠየቅ «1 ግራም» የሚል መልስ ከክፍሉ አይጠፋም። ትክክለኛው መልስ 16 ግራም ነው። ያው ተማሪ «ስንት ግራም ውሃ ይገኛል?» ሲባል፣ በእኩልታው ላይ ከውሃው ፊት የተጻፈውን 2 አይቶ «2 ግራም» ይላል። 2 ግራምና 1 ግራም ገብቶ 2 ግራም ብቻ ሲወጣ አንዱ ግራም የት ደረሰ ብሎ አይደነግጥም። የቁስ አለመጥፋት ሕግ እ.አ.አ. በ1789 ላቮዋዚዬ በመጽሐፉ ካሰፈረው ጀምሮ በየመማሪያ መጽሐፉ አለ፤ ተማሪውም ጠይቁት ቢባል በቃሉ ይወጣዋል። ነገር ግን የራሱን መልስ የሚፈትሽበት መሣሪያ እንዲሆን አልተሰጠውም።

ሌላው ስሕተት እኩልታውን በማስተካከል ላይ የሚታየው ነው። ኦክስጅኑ አንድ ሲጎድልበት ተማሪው ከቀመሩ ፊት ቁጥር በመጨመር ፈንታ ከቀመሩ ግርጌ ያለችውን ትንሽ ቁጥር ይለውጣል። በዚያች ቅጽበት ውሃው ውሃ መሆኑ ይቀርና ቁስል ማጽጃው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይሆናል። ሂሳቡ ተስተካክሏል፤ ነገሩ ግን ሌላ ነገር ሆኗል። ይህም የሚያሳየው ተማሪው ቀመሩን የአንድ ነገር ስም አድርጎ ሳይሆን የፊደልና የቁጥር ድርድር አድርጎ እንደሚያየው ነው።

እነዚህ ስሕተቶች የስንፍና ምልክት አይደሉም። ኬሚስትሪ ራሱ ከዚህ ድንግርግር ለመውጣት ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ፈጅቶበታል። ስቶይኪዮሜትሪ የሚለውን ቃል የፈጠረው ጀርመናዊው ኤርሚያስ ቤንያሚን ሪኽተር ነው፤ ንጥረ ነገርና ልኬት የሚል ትርጉም ካላቸው ሁለት የግሪክ ቃላት አጋጥሞ እ.አ.አ. በ1792 መታተም በጀመረው መጽሐፉ ተጠቀመበት። ሪኽተር የሚያውቀው ክብደትን ብቻ ነበር፤ ይህን ያህል አሲድ ይህን ያህል ቤዝ ያከሽፋል ብሎ በሰንጠረዥ ማስፈር ነበር ሥራው። ቀጥሎ የመጣው ዳልተን በ1808 አቶምን በክብደቱ ለይቶ ሲያቀርብ ቁጥሩን የሚያውቅበት መንገድ ስላልነበረው ገመተ። ውሃን አንድ ሃይድሮጅንና አንድ ኦክስጅን፣ አሞንያንም አንድ ናይትሮጅንና አንድ ሃይድሮጅን አደረጋቸው። ቁጥሩን በመሳቱም ክብደቱን ሳተ፤ በዚያ መጽሐፍ የኦክስጅን ክብደት 7፣ የናይትሮጅን 5 ሆኖ ይገኛል። በዘመኑ የነበረው የልኬት ጉድለት ተጨምሮበት ነው እንጂ፣ ዛሬ 16 እና 14 የሚባሉትን ወደ 8 እና ወደ 5 ዝቅ ያደረጋቸው የቁጥሩ ግምት ነው።

አቮጋድሮ በ1811 እኩል ይዞታ ያላቸው ጋዞች በአንድ ዓይነት ሙቀትና ግፊት እኩል ቁጥር ያለው ሞለኪውል ይይዛሉ ብሎ መውጫውን አሳይቶ ነበር። ሆኖም ለረጅም ጊዜ የሰማው አልነበረም። ነገሩን አፍረጥርጦ ያስቀመጠው ስታኒስላኦ ካኒዛሮ የተባለ በጄኖቫ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ጣልያናዊ ነው። በ1858 ያሳተመው ጽሑፍ የላቦራቶሪ ግኝት ማስታወቂያ አልነበረም፤ ለተማሪዎቹ የሚሰጠው የኬሚስትሪ ትምህርት በምን ቅደም ተከተል እንደሚሄድ የሚገልጽ ማጠቃለያ ነበር። በ1860 ከመቶ የሚበልጡ ኬሚስቶች በካርልስሩኸ ከተማ ተሰብስበው ስለ አቶምና ስለ ሞለኪውል ክብደት ሳይስማሙ ሊለያዩ ሲሉ ይህ ጽሑፍ ታደለ። ከስብሰባው ተካፋዮች አንዱ ሜንዴሌየቭ ነበር፤ ከ9 ዓመት በኋላ ያወጣው የንጥረ ነገሮች ሰንጠረዥ የቆመው በዚያ በጠራው የአቶም ክብደት ላይ ነው። ለመምህራን ማኅበር ይህን ማስታወስ ተገቢ ይሆናል። የዓለምን ኬሚስቶች ያስታረቀው ወረቀት የአንድ መምህር የትምህርት ዕቅድ ነበርና።

ሞል የሚለውን ስም ያወጣው ደግሞ ኦስትቫልድ ነው፤ በ1890ዎቹ። ኦስትቫልድ በዚያን ጊዜ አቶም በእርግጥ መኖሩን የማያምን ሰው ስለነበረ ሞልን የቆረጠው በክብደት ነበር። የክብደቱ አፈታት ዕድሜው ረጅም ሆነ። ሞል በ1971 በዓለም አቀፉ የመለኪያ ሥርዓት ውስጥ ሲገባም በ12 ግራም ካርቦን 12 ውስጥ ካሉት አቶሞች ጋር እኩል ቁጥር ያለው ነገር ተባለ። ከግንቦት 2019 ወዲህ ግን አፈታቱ ተለውጧል። አንድ ሞል ማለት በቀጥታ 602,214,076,000,000,000,000,000 ነገር ማለት ነው፤ ቁጥሩ ተቆርጧል፣ ክብደቱ ከቁጥሩ ይከተላል። ይህ ለውጥ በክፍል ውስጥ በሚሠራ ስሌት ላይ አንዳች ልዩነት አያመጣም። ለአስተማማር ግን ያመጣል፤ ከቁጥር ተነሥቶ ወደ ክብደት መሄድን የመለኪያው ሕግ ራሱ ደግፎታልና። በመምህሩ እጅ ያለው መጽሐፍ ከዚያ በፊት የታተመ ከሆነ አሮጌውን አፈታት ይዞ ይገኛል፤ መምህሩ በቃል ሊያርመው ይገባል።

በቁጥር መጀመር ማለት ያንን አስፈሪ ቁጥር ሰሌዳ ላይ ጽፎ ማስደነቅ ማለት አይደለም። የጤፍ ፍሬ የሚቆጥር ሰው የለም፤ ጤፍ በቁና፣ በጣሳ፣ በኪሎ ይሰፈራል። ቢሆንም የሚሰፍረው ሰው ሳያውቀው ይቆጥራል። ሺህ የጤፍ ፍሬ ክብደቱ የግራም ሲሶ ገደማ ነው፤ ሺህ የስንዴ ፍሬ ከ30 እስከ 40 ግራም ይመዝናል። አንድ ሰው የጤፍና የስንዴ ፍሬ በቁጥር እኩል አድርጋችሁ አምጡልኝ ቢል አንድ ሁለት እያለ የሚቆጥር ሞኝ ብቻ ነው። ብልኁ ለአንድ ኪሎ ጤፍ ወደ አንድ ኩንታል የሚጠጋ ስንዴ መዝኖ ያቀርባል። ክብደቱ እጅግ ተራርቋል፤ ቁጥሩ ግን እኩል ነው። አንድ ግራም ሃይድሮጅንና 16 ግራም ኦክስጅን በአቶም ቁጥር እኩል የሚሆኑት በዚሁ መንገድ ነው። ደርዘን የሚለውን ቃል ተማሪው ያውቀዋል፤ አንድ ደርዘን እርሳስና አንድ ደርዘን ብርድ ልብስ አንድ ዓይነት ክብደት እንደሌላቸው ማንም ሊያስረዳው አያስፈልግም። ሞል ትልቅ ደርዘን ነው ከተባለ በኋላ አንድ የክፍል ጊዜ ሙሉ ከዚህ በላይ ሳይኬድ፣ በጤፍ፣ በስንዴ፣ በሚስማር፣ በሳንቲም እየተመዘነ ቢቆጠር ጊዜው አይባክንም።

ከዚህ በኋላ መንገዱ አጭር ነው፤ ከግራም ወደ ሞል፣ ከሞል ወደ ሞል በእኩልታው፣ ከሞል ተመልሶ ወደ ግራም። የኖራ ድንጋይ ማቃጠልን እንውሰድ ቢባል፣ አንድ ሞል ካልሲየም ካርቦኔት 100 ግራም ነው፤ ሲቃጠል አንድ ሞል ኖራ ይኸውም 56 ግራም፣ አንድ ሞልም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይኸውም 44 ግራም ይወጣል። 56 እና 44 ተደምረው 100 መምጣታቸውን ተማሪው ሳይታዘዝ እንዲደምር ማስለመድ ያስፈልጋል። ከድሬዳዋና ከሙገር የሲሚንቶ ፋብሪካዎች እቶን ጋር ግንኙነት ያለው ስሌት ይኸው ነው። ድንጋዩ ንጹሕ ካልሆነና ለምሳሌ 90 በመቶው ብቻ ካልሲየም ካርቦኔት ከሆነ፣ 1,000 ኪሎ ድንጋይ 560 ኪሎ ኖራ መስጠቱ ይቀርና 504 ኪሎ ይሰጣል። የንጽሕና በመቶኛ ከምዕራፉ መጨረሻ ላይ እንደ ተጨማሪ ሸክም ከሚመጣ ከመጀመሪያው ጀምሮ በእንዲህ ያለ ምሳሌ ቢገባ ይቀልላል።

አንዳንድ መምህራን የሞልን መንገድ ትተው ግራምን ከግራም በቀጥታ ማመጣጠንን ያስተምራሉ፤ 100 ግራም 56 ከሰጠ 250 ግራም ስንት ይሰጣል በማለት። መልሱ ትክክል ይመጣል፤ በፈተናም ጊዜ ይቆጥባል። ይህን መንገድ ማውገዝ አይገባም፤ ሪኽተርም የሄደው በዚያው ነው። እንከኑ የሚታየው ሁለት ነገሮች በተለያየ መጠን ቀርበው የትኛው ቀድሞ እንደሚያልቅ ሲጠየቅ ነው። የምዕራፉ ትልቁ ገደል ይህ ስለሆነ ሰፋ አድርጎ መመልከት ይገባል።

አንድ አናጺ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ይሠራል እንበል። (የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ተጠርቦ ስለሚወጣ ለዚህ ምሳሌ አይሆንም፤ እግሩ ተለይቶ የሚገጠመው ነው የሚታሰበው።) አናጺው 10 መቀመጫና 24 እግር አለው። ስንት በርጩማ ይወጣዋል? የክፍሉ ደካማ የተባለው ተማሪ ሳይቀር 8 ይላል፤ ሁለት መቀመጫም ይተርፋል ይላል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ እግሮቹ በቁጥር ይበልጡ ነበር፤ ቀድመው ያለቁት ግን እነርሱ ናቸው። አናጺው መቀመጫውንና እግሩን በሚዛን መዝኖ የቱ ይከብዳል ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ ሰው ይስቅበት ነበር። ተማሪው በበርጩማው የማይሠራውን ይህን ስሕተት ነው በኬሚስትሪ የሚሠራው።

አሞንያ የዚህ በርጩማ ወንድም ነው። አንድ ሞለኪውል ናይትሮጅን ሦስት ሞለኪውል ሃይድሮጅን ይፈልጋል፤ ሁለት ሞለኪውል አሞንያ ይወጣል። አንድ ሞል ናይትሮጅን 28 ግራም፣ አንድ ሞል ሃይድሮጅን 2 ግራም፣ አንድ ሞል አሞንያ 17 ግራም ነው። እዚህ ላይ ለክፍል ሁለት ጥያቄዎች በተከታታይ መስጠት ይጠቅማል። በመጀመሪያው 28 ግራም ናይትሮጅንና 9 ግራም ሃይድሮጅን ይቀርባሉ። በሁለተኛው ሃይድሮጅኑ እንዳለ ሆኖ ናይትሮጅኑ 56 ግራም ይሆናል። ለውጡ ሙሉ በሙሉ ተፈጸመ ቢባል የትኛው ቀድሞ ያልቃል?

በመጀመሪያው 1 ሞል ናይትሮጅንና 4.5 ሞል ሃይድሮጅን አለ። ናይትሮጅኑ የሚፈልገው 3 ሞል ብቻ ስለሆነ ሃይድሮጅን ይተርፋል፤ የሚገኘው አሞንያ 2 ሞል ወይም 34 ግራም፣ የሚተርፈው ሃይድሮጅን 3 ግራም ነው። የገባው 37፣ ያለው 37። በሁለተኛው 2 ሞል ናይትሮጅን ስላለ 6 ሞል ሃይድሮጅን ይፈለጋል፤ ያለው ግን 4.5 ነው። ስለዚህ ሃይድሮጅኑ ያልቃል፤ 42 ግራም ናይትሮጅን ብቻ ይበላል፤ 51 ግራም አሞንያ ይገኛል፤ 14 ግራም ናይትሮጅን ይተርፋል። የገባው 65፣ ያለው 65።

ሁለቱ ጥያቄዎች ተጣምረው የሚሰጡበት ምክንያት አለ። በተማሪዎች ዘንድ ሁለት የተሳሳቱ ሕጎች በስውር ይኖራሉ። አንደኛው «በግራም ያነሰው ቀድሞ ያልቃል» የሚል ነው፤ ሁለተኛው «በሞል ያነሰው ቀድሞ ያልቃል» የሚል። የመጀመሪያውን ሕግ የያዘ ተማሪ በመጀመሪያው ጥያቄ ሃይድሮጅን ብሎ ይወድቃል፤ በሁለተኛው ጥያቄ ግን ሃይድሮጅን ብሎ ሳያውቅ ያልፋል። ሁለተኛውን ሕግ የያዘው በመጀመሪያው ጥያቄ ናይትሮጅን ብሎ ያልፋል፤ በሁለተኛውም ናይትሮጅን ብሎ ይወድቃል። እንግዲህ ፈተናው አንዱን ጥያቄ ብቻ ቢይዝ ኖሮ ከሁለቱ የተሳሳቱ ተማሪዎች አንዱ ሙሉ ነጥብ አግኝቶ፣ ስሕተቱን ተሸክሞ ወደሚቀጥለው ክፍል በሄደ ነበር። ምርጫ ያላቸው ፈተናዎች በበዙበት ጊዜ ይህ ጉዳይ ቸል የሚባል አይደለም። ጥያቄ ሲወጣ ቁጥሮቹ የሚመረጡት ለስሌት እንዲመቹ ብቻ ሳይሆን የትኛውን የተሳሳተ አሳብ እንደሚያጋልጡ ታስቦ ሊሆን ይገባል። መልሱን ብቻ ሳይሆን «የተረፈው ምንድን ነው? ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅም ብዙ ይገልጣል።

ከዚሁ ጋር የቋንቋው ነገር ይነሣል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኢትዮጵያ ልጆች አንደኛ ደረጃን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው፣ ሁለተኛ ደረጃን በእንግሊዝኛ እንዲማሩ ደንግጎ ነበር። ይህ ምዕራፍ ተማሪውን የሚያገኘው ገና በአዲሱ ቋንቋ ሲንገዳገድ ነው። ሊሚቲንግ ሪኤክታንት የሚለው ስም ሲጠራ ብዙዎቹ «ትንሹ» የሚል ትርጉም ይሰጡታል፤ ሊሚት ከሚለው ቃል ጥቂትነት ይሸታቸዋል። ከላይ የተባሉት ሁለት የተሳሳቱ ሕጎች ከዚህም ሳይመነጩ አይቀሩም። በአማርኛ «ቀድሞ የሚያልቀው» ቢባል ግን ስሙ ራሱ የሚናገረው ስለ ማለቅ እንጂ ስለ ማነስ አይደለም። ኤክሰስ «ትርፍ» ነው፤ ቲዮሬቲካል ይልድ «ሊገኝ የሚገባው» ነው፤ አክቹዋል ይልድ «የተገኘው» ነው። ይህ ሲባል ትምህርቱ በእንግሊዝኛ መሰጠቱን መከራከር አይደለም፤ ያ ሌላ ጉባኤ የሚጠይቅ ነገር ነው። መምህሩ ስሌት ከማስጀመሩ በፊት ተማሪው ጥያቄውን መጽሐፉን ዘግቶ በገዛ ቋንቋው፣ አማርኛም ይሁን ኦሮምኛ፣ ትግርኛም ይሁን ሶማልኛ፣ እንዲያስረዳ ሁለት ደቂቃ ቢሰጠው ግን የሚከለክል ደንብ የለም። ምን ገባ፣ ምን ወጣ፣ ምን ይጠየቃል የሚለውን መናገር ያልቻለ ተማሪ የሂሳብ ማሽን ቢሰጠው የሚያገኘው እስከ ስምንት አሐዝ የተዘረዘረ ስሕተት ነው።

ላቦራቶሪ የሌለው ትምህርት ቤት ይህን ምዕራፍ በሰሌዳ ብቻ እንዲያልፈው የሚያስገድድ ነገርም የለም። ለሠርቶ ማሳያ የሚያስፈልገው አቼቶ፣ ሶዳ፣ ሦስት ባዶ ጠርሙስና ሦስት ፊኛ ነው። ሶዳ ሲባል ቢካርቦኔቱ ነው እንጂ አሲድ ተቀላቅሎበት የሚሸጠው ቤኪንግ ፓውደር አይደለም። በአቼቶው ጠርሙስ ላይ 5 በመቶ የሚል ከተጻፈ፣ በ60 ሚሊ ሊትሩ ውስጥ 3 ግራም ያህል አሴቲክ አሲድ አለ፤ አንድ ሞሉ 60 ግራም ስለሆነ 0.05 ሞል መሆኑ ነው። አንድ ሞል አሲድ አንድ ሞል ሶዳ ይፈልጋል፤ አንድ ሞል ሶዳ 84 ግራም ነው፤ ስለዚህ 4.2 ግራም ይበቃዋል። ይህም ከአንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጥቂት ያነሰ ነው። በሦስቱም ጠርሙሶች 60 ሚሊ ሊትር አቼቶ ይደረጋል፤ በፊኛዎቹ ውስጥ ግማሽ፣ አንድና ሁለት የሻይ ማንኪያ ሶዳ ይጨመርና በጠርሙሶቹ አፍ ላይ ታጥቀው ባንድ ጊዜ ይገለበጣሉ። ሁለተኛው ፊኛ ከመጀመሪያው በግልጽ ይበልጣል፤ ሦስተኛው ግን ሶዳው እጥፍ ሆኖ ሳለ ከሁለተኛው አይበልጥም። ተማሪዎቹ ከመገልበጡ በፊት የትኛው እንደሚበልጥ ግምታቸውን እንዲጽፉ ቢደረግ ክርክሩ ይሞቃል። ፊኛዎቹ ከተነሡ በኋላ በመጀመሪያው ጠርሙስ ላይ ቁንጥር ሶዳ ሲጨመር እንደገና ይንተከተካል፤ የተረፈው አቼቶ ነበርና። በሦስተኛው ላይ የሚያንተከትከው ሶዳ ሳይሆን አዲስ አቼቶ ነው። የትርፍና የቀድሞ አላቂ ትርጉም ከዚህ በላይ በምን ሊገለጽ ይችላል?

ከክፍል ውጭ ያለውንም ማስታወስ ያሻል። ዩሪያ የሚባለው ማዳበሪያ ተማሪው አብዛኛውን ጊዜ በቤተሰቡ ደጅ የሚያውቀው ነገር ነው። አንድ ሞል ዩሪያ 60 ግራም ሲሆን በውስጡ 28 ግራም ናይትሮጅን አለ፤ 28 ለ60 ሲካፈል 46.7 በመቶ ይመጣል። በከረጢቱ ላይ የታተመው 46 የሚመጣው ከዚህ ነው። የገበሬ ልጅ አባቱ በ50 ኪሎው ከረጢት የገዛው ናይትሮጅን 23 ኪሎ መሆኑን በራሱ ስሌት ሲያገኘው፣ ምዕራፉ የፈተና ምዕራፍ ብቻ መሆኑ ይቀራል።

በመጨረሻ ስለ ጋዝ ይዞታ አንድ ነገር መጨመር ግድ ነው። ተማሪዎች አንድ ሞል ጋዝ 22.4 ሊትር ነው የሚለውን እንደ ጸሎት ይደግሙታል። ቁጥሩ እውነት የሚሆነው በ0 ዲግሪ ሴንቲግሬድና በባሕር ወለል የአየር ግፊት ነው፤ የኢትዮጵያ ክፍሎች ግን የሚገኙት እዚያ አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ከፍ ትላለች፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛውን ጥቂት ቢያልፍ ነው። በ20 ዲግሪ ሙቀት በዚያ ግፊት አንድ ሞል ጋዝ 31 ወይም 32 ሊትር ይይዛል። ከላይ በተባለው የአቼቶ ሙከራ፣ በአቼቶው ውስጥ ሟሙቶ የሚቀረው ጋዝና የፊኛው ላስቲክ የሚጨምረው ግፊት ሳይታሰቡ፣ የሁለተኛው ፊኛ ልክ በአዲስ አበባ 1.6 ሊትር ያህል ይመጣል፤ በ22.4 ያሰላ ተማሪ የሚጠብቀው ደግሞ 1.1 ሊትር ነው። 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ድሬዳዋ ክፍሉ 25 ዲግሪ ሞቆ ቢሠራ 1.4 ሊትር ገደማ ይሆናል። ሁለት መምህራን፣ አንዱ ከዚህ አንዱ ከዚያ፣ አንድ ዓይነት አቼቶና አንድ ዓይነት ሶዳ ተጠቅመው የፊኛቸውን ዙሪያ በክር ለክተው ቢላላኩ፣ ቁጥሩ ያው፣ ክብደቱም ያው ሆኖ ይዞታው ለምን እንደተለያየ ተማሪዎቻቸው የሚመረምሩት ጥሩ የቤት ሥራ ይሆናል።